ዚግዛጉ ስስ ጨርቅ ይጠቀልልብኛል፣ የቲሸርት አንገት ደግሞ ያወዛውዝብኛል

ጀማሪዋ ሰፊ – ቅዳሜ

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት የስፌት መኪና ከገዛሁ አራት ወር ሆኖኛል። በቀጥታ ስፌት እጄ ተፍታቷል፤ ዚግዛግ (መርፌው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመላለሰ የሚሰፋው) ላይ ስደርስ ግን ሥራዬ ሁሉ ይበላሻል። ሁለት ነገር ነው ያስቸገረኝ።

የመጀመሪያው ጠርዝ ነው። ለልጄ ከስስ ጥጥ ቀሚስ ሰፍቼ የውስጡ ጠርዝ እንዳይተረተር በዚግዛግ ልዘመዝመው ስሞክር ጨርቁ ተጠቅልሎ ገመድ ይሆናል። ብተኩሰውም እብጠቱ በፊት ለፊት በኩል ይታያል። ስፋቱን 5፣ ርዝመቱን 2 አድርጌ ነው የሰፋሁት። መኪናውን የሸጡልኝ ሰዎች «ለጠርዝ ሁልጊዜ ስፋቱን እስከ መጨረሻው ክፈቺው» ብለውኝ ነበር።

ሁለተኛው የቲሸርት ጨርቅ ነው። አንገቱን በቀጥታ ስፌት ሰፋሁት፤ ልጄ ጭንቅላቷን ስታስገባ ክሩ ተበጠሰ። ፈትቼ በዚግዛግ ደገምኩት። አልተበጠሰም፤ ነገር ግን አንገቱ እየተወዛወዘ ቀረ፣ ጨርቁም ላይ አልተኛ አለ። ጠርዝ እየቆረጠ የሚዘመዝመው መኪና፣ ኦቨርሎክ፣ የለኝም። ያለ ኦቨርሎክ አይቻልም ከተባልኩ አርፌ ልቀመጥ፣ ከተቻለ ግን መማር እፈልጋለሁ።

ድርና ማግ – ቅዳሜ

እህቴ፣ ይቻላል። የመኪናሽ ጥፋትም አይመስለኝም። ከጠርዙ ልጀምር።

ጠርዝ ላይ ዚግዛግ ስትሰፊ መርፌው አንዴ ጨርቁ ውስጥ፣ አንዴ ከጨርቁ ውጪ ባዶ ቦታ ላይ ይወርዳል። ውጪ በወረደ ጊዜ የላይኛውና የታችኛው ክር የሚያያዙት ምንም የሚደግፋቸው ነገር በሌለበት ነው። መርፌው ወደ ውስጥ ሲመለስ ክሩ ይጠብቃል፤ በመካከሉ ያለው ጨርቅ ጠንካራ ካልሆነ ይሸነፍና ይታጠፋል። ስፋትሽ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክሩ የሚሰበስበው 5 ሚሊ ሜትር ስስ ጥጥ ነው። ጂንስ ይህን ይቋቋማል፤ ስስ ጥጥ አይችልም። የሰጡሽ ምክር ለወፍራም ጨርቅ ይሠራ ይሆናል፣ ለሁሉም መስጠታቸው ግን ትክክል አይደለም።

እኔ በስስ ጨርቅ ላይ የምሠራው እንዲህ ነው። ለጠርዝ ከተተወው ጨርቅ ላይ፣ ከዳር 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ገባ ብዬ፣ ስፋቱን 3 ርዝመቱን 2 አድርጌ ሙሉ በሙሉ ጨርቁ ላይ እሰፋለሁ። መርፌው ባዶ ቦታ አይነካም። ከዚያ በስለታም መቀስ ስፌቱን ሳልነካ ትርፉን ጠጋ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ጠርዙ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። የሚቀረው ጥቂት የክር ጫፍ ከዚግዛጉ ውጪ ያለ ስለሆነ ከስፌቱ አልፎ አይተረተርም። ለዚህ ስትቆርጪ ከመጀመሪያው ለስፌት የምትተዪውን ጨርቅ በርከት አድርጊው፤ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

መኪናሽ ላይ እያንዳንዱ የዚግዛግ መስመር በሦስት ትንንሽ ንክሻዎች የተከፋፈለ የስፌት ምልክት ካለ ደግሞ እሱን ሞክሪ። ክሩ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዝላይ ስለማይሻገርና በመንገዱ ሁለት ጊዜ ጨርቁን ስለሚይዝ የመሰብሰብ ጉልበት የለውም። ለስስ ጨርቅ ጠርዝ ከተራው ዚግዛግ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

የላይኛውን ክር ማጥበቂያም ዝቅ አድርጊው። ቀጥታ ስፌት በ4 ከሆነ የምትሰፊው ዚግዛጉን በ3 ጀምሪ። የታችኛው ክር ወደ ላይ ብቅ ካለ ላይኛው ገና ጠብቋል ማለት ነው።

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አንድ ነገር አድርጊ። ከዚያው ከቀሚሱ ጨርቅ አንድ ስንዝር ቁራጭ ውሰጂ። ስፋቱን 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 5 እያደረግሽ አራት መስመር ስፊ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፊ። ጨርቁን ወደ መስኮት አዙረሽ ከጎን ተመልከቺው። ከየትኛው መስመር ጀምሮ ጉብ እንደሚል ዓይንሽ ይነግርሻል፤ ለዚያ ጨርቅ የሚሆነው ስፋት ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ሰማያዊ ክር – ቅዳሜ

ድርና ማግ በጻፈው ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ጠርዝ ለመዘምዘም የተሠራ እግር (ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ብረት) አለ፤ በመካከሉ ቀጭን የሽቦ ምላስ አለው፣ ክሩ እሱ ላይ ይጠመጠምና ጨርቁ እንዳይታጠፍ ይይዘዋል። በጣም ጥሩ እግር ነው። ነገር ግን ስፋቱ ካነሰ መርፌው ያንን ሽቦ ይመታዋል። ስለዚህ እግሩን በቀየራችሁ ቁጥር ፔዳሉን ከመርገጣችሁ በፊት መዘውሩን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩት፤ መርፌው በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጊዜ ወርዶ ምንም ሳይነካ ሲያልፍ እዩ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ለቀጥታ ስፌት ብቻ የሚሆነው፣ መካከሉ ላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ ያለችው ብረት ከመርፌው ሥር ተገጥሞ ሳለ ረስቼ ወደ ዚግዛግ ቀየርኩ። መርፌው ብረቱ ላይ ወርዶ ለሁለት ተሰበረ፤ ስባሪው ከቅንድቤ በላይ መታኝ። ሁለት ጣት ዝቅ ቢል ዓይኔ ነበር። ለዚግዛግ የሚሆነው ብረትና እግር ቀዳዳቸው ወደ ጎን የረዘመ ነው። ሁለቱንም አረጋግጡ። መርፌው ጨርቅ ውስጥ እያለም የስፋቱን ቁልፍ አታዙሩ፤ መርፌው ይጣመማል።

ሹራብ ሰፊ – እሑድ

ስለ ቲሸርቱ እኔ ልመልስ፤ የዕለት ሥራዬ እሱ ነው።

አንገቱ የተወዛወዘው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ስትሰፊ ጨርቁን ከኋላ ወይም ከፊት እየሳብሽው ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ ተስቦ ከተሰፋ ክሩ በተለጠጠበት ልክ ይይዘዋል፣ ሲለቀቅ መመለስ አይችልም። ከጨርቁ ሥር ያሉት የመኪናው ጥርሶች ራሳቸው ይጎትቱት፤ የአንቺ እጅ መንገድ ብቻ ያሳየው። ሁለተኛ፣ ስፌትሽ ተጨናንቆ ይሆናል። ርዝመቱ ከ1 ካነሰ በትንሽ ቦታ ብዙ ክር ስለሚገባ ጨርቁ ወደ ጎን ይገፋል። መኪናሽ የእግሩን ጫና መቀነሻ ካለው ቀንሺው።

የጎንና የትከሻ ስፌት ከሆነ ስፋት 0.5፣ ርዝመት 2.5 እጠቀማለሁ። ከሩቅ ሲታይ ቀጥታ ስፌት ይመስላል፤ ሲተኮስም ጠርዞቹ ወደ ግራና ቀኝ በደንብ ይከፈታሉ። ሰፊ ዚግዛግ ግን በፊት ለፊት በኩል ሲከፈት ክሩ እንደ መሰላል ይታያል፣ እኔ አልወደውም።

መርፌውንም ቀይሪ። ለሹራብ ጨርቅ (የቲሸርት ጨርቅም ከእሱ ነው) ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ነው የሚያስፈልገው፤ መጠኑ 75/11 ወይም 80/12። ሹል መርፌ የሹራቡን ቀለበት ይበሳዋል፤ ድቡልቡሉ ግን ገለል አድርጎት ያልፋል። ክርሽም ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ሲለጠጥ ቶሎ ይበጠሳል።

የተወዛወዘውን አትጣዪው። ካውያውን ሳታስነኪ ከላይ ከፍ አድርገሽ እንፋሎት ስጪው፣ በጣቶችሽ ሰብሰብ አድርጊው፣ እስኪቀዘቅዝ አታንሺው። አብዛኛው ይመለሳል።

ልኬት – እሑድ

ሹራብ ሰፊ የጻፈችው ለጎን ስፌት ይስማማኛል። ለአንገት ግን 0.5 አይበቃም፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ።

ቀጥታ ስፌት የሚበጠሰው ክሩ ከጨርቁ እኩል ስለሚረዝም ነው፤ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ የሚሰጠው ትርፍ የለውም። ዚግዛግ ግን በሰያፍ ስለሚሄድ ትርፍ ክር በውስጡ ይዟል። ስንት ትርፍ? ርዝመቱ 2.5፣ ስፋቱ 0.5 ከሆነ መርፌው 2.5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ ክሩ የሚጓዘው 2.55 ያህል ነው። ከመቶ 2 ብቻ ትርፍ ማለት ነው። ርዝመቱን 2፣ ስፋቱን 1 ብናደርግ ክሩ 2.24 ይሄዳል፤ ትርፉ ከመቶ 12 ይሆናል። ሁለቱንም 2 ብናደርግ 2.83 ይሆናል፤ ከመቶ 41።

አሁን የልጇን አንገት እናስብ። የአንገቱ ዙሪያ 40 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፣ የሚያልፍበት ጭንቅላት ደግሞ 50። አንገቱ ከመቶ 25 መለጠጥ አለበት። ክሩ ራሱ በመጠኑ ቢለጠጥም 0.5 እዚያ አያደርሳትም፤ 1 በ2 ያስጨንቃታል፤ 2 በ2 ያሳልፋታል። ለጎን ስፌት ማንም ያን ያህል ስለማይስበው ጠባቡ ይበቃል። ስለዚህ አንዱ ልብስ ላይ ሁለት ዓይነት ዚግዛግ መጠቀም ስሕተት አይደለም።

ሹራብ ሰፊ – እሑድ

ልክ ነህ፤ አንገት ላይ እኔም 1.5 ወይም 2 ነው የማደርገው፣ ለጎን የጻፍኩትን ለሁሉም አስመሰልኩት። አንገቱ ላይ መሰላሉ አይታይም፤ ስፌቱ በአንገቱ ዙሪያ በሚሰፋው ጨርቅ ሥር ይደበቃል።

ቀጥ ያለ መስመር – እሑድ

ሁላችሁንም አክብሬ፣ ዚግዛግ የኦቨርሎክን ቦታ አይተካም ባይ ነኝ። ኦቨርሎክ እየቆረጠ፣ እየዘመዘመ፣ እየሰፋ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። በዚግዛግ ለአንድ ጠርዝ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ጊዜ ያባክናል። በብዛት ለሚሰፋ ሰው አይመከርም።

ድርና ማግ – እሑድ

ፍጥነት ላይ አልከራከርህም ወንድሜ፤ በቀን ሃያ ልብስ የሚያወጣ ሰው ኦቨርሎክ ያስፈልገዋል። ጥንካሬ ላይ ግን አልስማማም። በዚግዛግ የዘመዘምኳቸው የአልጋ ልብሶች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲታጠቡ ኖረዋል፤ ጠርዛቸው አንድም ቦታ አልተረተረም። ደግሞም ኦቨርሎክ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። የተቀደደ ጉልበት መሐል ገብቶ አይጠግንም፣ የቁልፍ ቀዳዳ አይሠራም፣ ላስቲክ ወገብ መካከል ላይ አይሰፋም። እህታችን የጠየቀችው ለልጇ ልብስ ነው፤ ባላት መኪና ትሠራዋለች።

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ – ሰኞ

ልጆቼ፣ እየተመካከራችሁ ስትሠሩ ደስ አላችሁኝ። እኔ ለብዙ ዘመን የሰፋሁት ቀጥታ ብቻ በሚሰፋ ጥቁር መኪና ነው። ዚግዛግ የሚሠራ መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ሔለን ብላንቻርድ በተባለች አሜሪካዊት ስም ተመዝግቧል፤ ብዙ ቤት ለመድረስ ግን አሥርተ ዓመታት ፈጀበት። በእኔ መኪና ላይ የምንገጥማት አንዲት ተጨማሪ መሣሪያ ነበረች፤ መርፌው ባለበት ይወርዳል፣ እሷ ግን ጨርቁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትወዘውዘዋለች። ሥራው ይሄዳል፣ ጨርቁን ግን መያዝ ይቸግር ነበር። የራሱ መርፌ የሚወዛወዝ መኪና ባገኘሁ ቀን እጄን ከጨርቁ ላይ አንሥቼ ቆሜ አየሁት።

ለልጅ ቀሚስ ከሆነ የምትሰፊው፣ ልጄ፣ ዚግዛግ ለሽብሽብ ምን እንደሚያደርግልሽ ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ሽብሽብ የሚያወጣው ሁለት ረጅም ቀጥታ ስፌት ሰፍቶ የታችኛውን ክር በመሳብ ነው። መሐል ላይ ክሩ ይበጠሳል፤ እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ነው። አንቺ ግን ወፈር ያለና የሚያንሸራትት ክር ውሰጂ። በሽብሽቡ መስመር ላይ፣ ለስፌት በተተወው ጨርቅ በኩል አስተኚው። ስፋቱን 4፣ ርዝመቱን 3 አድርገሽ መርፌው በግራና በቀኙ እየወረደ በላዩ እንዲሻገር ስፊ። ክሩን ራሱን እንዳይወጋው ብቻ ተጠንቀቂ፤ ከተወጋ አይንሸራተትም። ሲጨርስ አንዱን ጫፍ በስፒል ዙሪያ ስምንት ቁጥር አድርገሽ አጠንጥኚና ሌላውን ጫፍ ሳቢ። ጨርቁ እንደ መጋረጃ በዘንግ ላይ ይሰበሰብልሻል፤ አይበጠስም፣ ወደ ኋላም ትመልሺዋለሽ። ሽብሽቡን በጣትሽ እኩል አከፋፍለሽ፣ በቀጥታ ስፌት አጥብቀሽ፣ ወፍራሙን ክር መዘሽ አውጪው። ለሌላ ቀሚስም ይሆንሻል።

ቁልፍም በዚሁ ይሰፋል። ጥርሶቹን ዝቅ አድርጊ፣ ርዝመቱን ዜሮ አድርጊ፣ ስፋቱን በቁልፉ ሁለት ቀዳዳዎች ርቀት ልክ አስተካክዪ። በመዘውሩ ቀስ ብለሽ መርፌው በሁለቱም ቀዳዳዎች በትክክል ሲገባ እዪ፤ ከዚያ ስምንት አሥር ጊዜ ይመላለስ። በመጨረሻ ስፋቱን ዜሮ አድርገሽ እዚያው ሦስት ጊዜ ውጊው፣ ክሩ ይቋጠራል። ጨርቁ ወፍራም ከሆነ ከቁልፉ በላይ፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል፣ አንድ የክብሪት እንጨት አጋድሚ፤ ስፌቱ በእንጨቱ ላይ ይሻገራል። እንጨቱ ሲወጣ ክሩ ላላ ይልና ቁልፉ መተንፈሻ ያገኛል።

ጀማሪዋ ሰፊ – ረቡዕ

አባባ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ሌሎቻችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ማታ ተቀምጬ ሞከርኩት።

ቁራጩን ሰፋሁ፣ ቁጥሮቹን ጻፍኩ። 2 እና 3 ጠፍጣፋ ናቸው፤ 4 ላይ ትንሽ ጉብ ይላል፤ 5 ገመድ ነው፤ የእኔ ቀሚስ ራሱ። ማጥበቂያውን ከ4 ወደ 3 ሳወርደው ስፋቱ 4 የሆነው መስመር እንኳን ተኛ። ባለ ሦስት ንክሻው ከሁሉም አማረኝ። የቀሚሱን አሮጌ ዚግዛግ ፈትቼ በእሱ ዘመዘምኩት፤ ከፊት ለፊት ምንም አይታይም።

ቲሸርቱ ላይ ግን አዲስ ነገር መጣ። ስፋቱን 2፣ ርዝመቱን 2 አድርጌ ስሰፋ ስፌት ይዘላል። ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎ፤ የሚዘለውም በግራ በኩል ያለው ብቻ ነው። ቀኙ ደኅና ነው። መርፌውን ገና አልቀየርኩም፤ ያለኝ ከመኪናው ጋር የመጣው ነው።

ሹራብ ሰፊ – ረቡዕ

መርፌውን ቀይሪና ተመለሺ። ሌላ ነገር አትነካኪ፣ መጀመሪያ እሱን ብቻ።

ድርና ማግ – ረቡዕ

እኔም ከዚያው እጀምራለሁ፤ ለምን በአንድ በኩል ብቻ እንደሚዘል ግን ልንገርሽ፣ ኋላ ይጠቅምሻል።

መርፌው እስከ ታች ወርዶ መነሣት ሲጀምር ክሩ ከመርፌው ጀርባ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከሥር የሚዞረው መንጠቆ ያቺን ቀለበት ይዞ ከታችኛው ክር ጋር ያስራታል። መርፌው በግራና በቀኝ ሲወርድ ግን መንጠቆው የሚያገኘው በእኩል ጊዜ አይደለም፤ በአንዱ በኩል ቀድሞ፣ በሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ መርፌው ጥቂት ዝቅ ብሎ ከተገጠመ፣ ወይም ሹራቡ ከመርፌው ጋር ተጣብቆ ከተነሣና ቀለበቷ ካልተሠራች፣ ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየው በአንድ በኩል ነው። በቀጥታ ስፌት ላይ ላይታይ ይችላል።

አዲሱን መርፌ ስትገጥሚ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፊው፤ ሚሊ ሜትር እንኳን መጉደል የለበትም። በአብዛኛው የቤት መኪና ጠፍጣፋው ጎን ወደ ኋላ ነው፤ የመኪናሽን መመሪያ እዪ። ክሩንም ከመጀመሪያው አንሥተሽ እንደገና አስገቢው፣ እግሩ ከፍ ብሎ እያለ። እግሩ ወርዶ ከሆነ የማጥበቂያው ሳህኖች ስለሚዘጉ ክሩ በመካከላቸው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በተራ ጥጥ ላይም በግራ ብቻ ከዘለለ የመንጠቆው ጊዜ ተዛብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ለጠጋኝ ስጪው፤ ራስሽ አትፍቺው።

ጀማሪዋ ሰፊ – ዓርብ

ድቡልቡል ጫፍ ያለው 75/11 አገኘሁ። የቀድሞውን ሳወጣው ጥብቅ አድርጌ የገጠምኩት መስሎኝ የነበረው መርፌ ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ አልገባም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አዲሱን እስከ መጨረሻው ገፍቼ ስገጥመው ግን ሁለት ስንዝር ሙሉ ሰፍቼ አንድም አልዘለለም።

ያንን አንገት ሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ 2 በ2 ሰፋሁት፤ እጄንም ከኋላ አነሣሁ። በእንፋሎቱ ተኛ። ልጄ ዛሬ ጠዋት ራሷ ለበሰችው፤ ጭንቅላቷ ሲያልፍ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ፣ ምንም አልተበጠሰም። ነገ ሽብሽቡን እጀምራለሁ። አባባ፣ ወፍራሙ ክር የሹራብ መሥሪያ ጥጥ ቢሆን ይሆናል?

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ – ዓርብ

ይሆናል ልጄ። የማይበጣጠስና ቋጠሮ የሌለበት ይሁን። ቀለሙም ከቀሚሱ የተለየ ይሁን፤ መርፌው ወግቶት እንደሆነ በቀላሉ ታዪዋለሽ።